አብሮ ያረጀ ባለቤት ሲሞት፦ የቀሩትን አዛውንት ደረጃ በደረጃ መደገፊያ

ሃምሳ ዓመት በትዳር የኖሩ ሁለት ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው ያረጃሉ። አንዱ የመድኃኒት ሰዓት ያስታውሳል፣ ሌላው የባንክ ደብተሩን ይይዛል። የአንዱ ጆሮ ሲደክም የሌላው ለሁለቱም ይሰማል። አንዱ ሲሞት የቀሩት ሰው ሀዘኑን ብቻ ሳይሆን ግማሹ ሥራ ያለ ሠሪ የቀረበትን ቤትም ይወርሳሉ። ቤተሰብ ቶሎ የሚታየው እንባው ስለሆነ እሱን ለማበስ ይሯሯጣል። በዚያ መሃል የደም ግፊት ክኒኑ ለሦስት ሳምንት ሳይዋጥ ይከርማል፤ ማንም ልብ አይለውም።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ብዙዎች ከለመዱት ይለያል። መጀመሪያ ሰውነት ይጠበቃል፣ ቀጥሎ የጎደለው ሥራ ይቆጠራል፣ ጨዋታውና ማጽናናቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሀዘኑ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አይፈልግም። የሚፈልገው ጊዜና ሰው ነው፣ ያንን ጊዜ ደግሞ በጤና መሻገር ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ልብና መድኃኒት

በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሃርት አታክ በተባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም በተያዙ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የቅርብ ሰው በሞተ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሕመሙ አደጋ ከሌላው ጊዜ ወደ 21 እጥፍ እንደሚጨምርና ከዚያ በየቀኑ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። በ1969 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው 4,486 ወንዶችን ተከታትሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሞቱት ቁጥር በዚያ ዕድሜ ካሉ ባለትዳሮች ከሚጠበቀው በ40 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። ለአንድ ሰው ሲሰላ አደጋው አሁንም ትንሽ ነው፤ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ላለባቸው አዛውንት ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

የደረት መጨናነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት ከታየ «ሀዘን ነው፣ ይለቃቸዋል» ሳትሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። በአዛውንት ላይ ሃርት አታክ ያለ ደረት ሕመምም ሊመጣ ይችላል፤ ድንገተኛ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ግራ መጋባት ብቻ ሊታይ ይችላል። በ1990 ጃፓን ውስጥ የተገለጸው ታኮትሱቦ የሚባል ችግርም አለ። ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የልብ ግራ ክፍል ለጊዜው ይዳከማል፤ በብዛት የሚይዘው የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ነው። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፤ ነገር ግን ከሃርት አታክ የሚለየው ኢሲጂ በተባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ በደም ምርመራና በልብ የደም ቧንቧ ምርመራ እንጂ ቤት ውስጥ በመገመት አይደለም።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ተመድቦ የሚከተለውን ይሥራ፦

1. በቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። የሟቹን ለይታችሁ ከቤት አስወጡ። በሀዘን ፍዘት ውስጥ የሟችን ክኒን የራስ አድርጎ መዋጥ የሚያጋጥም ስህተት ነው፤ የተጠራቀመ መድኃኒት ደግሞ በኋላ፣ በደረጃ 6፣ በምንመለስበት ሌላ ምክንያትም አደገኛ ነው።
2. የቀሩትን መድኃኒቶች ስም፣ መጠንና ሰዓት በትልልቅ ፊደል ጻፉ። ሰባት ቀን የተከፋፈለ የክኒን ሣጥን ገዝታችሁ ሙሉ።
3. ክኒን ቁጠሩ። በቀን አንድ የሚዋጥ ባለ 30 ክኒን እሽግ ከተከፈተ አሥር ቀን ከሆነው 20 መቅረት አለበት። 27 ከቀረ ማን ያስታውሳቸው እንደነበር አወቃችሁ ማለት ነው።
4. በድንገት ሲቋረጡ አደጋ ለሚያመጡት ቅድሚያ ስጡ፦ ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች፣ እንደ አቴኖሎል ያሉ የልብ መድኃኒቶች።

ለቅሶው ሲበረታ አንድ ደግ ዘመድ «ትንሽ ይረፉ» ብሎ የራሱን የእንቅልፍ ክኒን ማቀበሉ አይቀርም። ይህን አስቁሙ። ዲያዜፓም የሚባለው የእንቅልፍና ማረጋጊያ መድኃኒት በአረጀ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ሌሊት ለሽንት የተነሱት ሰው ይወድቃሉ፣ ጠዋት ይደናገራሉ። ለአለርጂ የሚሰጡ፣ እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶችም ግራ መጋባት፣ የሆድ ድርቀትና የሽንት መከልከል ያስከትላሉ። አልኮልም መፍትሔ አይደለም፤ ያስተኛል ግን ሌሊቱን ይቆራርጣል።

ደረጃ 2፦ ውኃ፣ ምግብ፣ እግር፣ እንቅልፍ

ዕድሜ ሲገፋ የውኃ ጥም ስሜት ይደክማል። ስለዚህ «ሲጠማዎት ይጠጡ» የሚለው ምክር አይሠራም። ለአዛውንት ሴት በቀን ቢያንስ 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር ያህል የሚጠጣ ነገር ይመከራል፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለባቸው ግን ሐኪማቸው የወሰነውን መጠን ይከተሉ። ጠዋት የቀኑን ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ የሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ ማኖር «ጠጡ፣ ጠጡ» ከማለት ይሻላል። ማታ የቀረውን ማየት ብቻ ነው።

ምግብ ላይ አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ሰሐን በመሙላቱ ነው። ያልበሉት ማብሰል የማያውቁ አባት ከሆኑ ችግሩ ሙያ ነው፤ ሦስት ቀላል ምግቦችን አብሮ እየሠሩ ማስተማር ይፈታዋል። ለአንድ ሰው ምድጃ መለኮስ የከበዳቸው እናት ከሆኑ ግን ሙያ አልጎደላቸውም፤ የሚበስልለት ሰው ነው የጎደለው። ለእሳቸው የሚያስፈልገው የሚቀርብ ምግብ ሳይሆን አብሮ የሚበላ ሰው ነው። የሁለቱን መፍትሔ ካቀያየራችሁት አንዳቸውም አይበሉም። ከምግቡ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይጎድል ተጠንቀቁ፦ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 1 ግራም፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 60 ግራም፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከጥራጥሬ፣ ከሥጋ ወይም ከዓሣ። የኩላሊት ሕመም ካለ ይህም በሐኪም ይወሰናል።

ክብደት በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በዚያው ሚዛን ይለካና ይጻፍ። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሰ፣ ለ60 ኪሎ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው፣ የጤና ባለሙያ ይያቸው። በዓይን አትተማመኑ፤ ልብስ ብዙ ይደብቃል።

አሥር ቀን ሙሉ አልጋ ላይ እንዲቆዩ በተደረጉ ጤነኛ አዛውንት ላይ በተሠራ ጥናት ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ጠፍቶ ተገኝቷል። ሀዘንተኛን «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ አለን» እያሉ ለአንድ ወር ማስቀመጥ ሌላ ሕመም መጨመር ነው። ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ በቀን ሦስት ዙር፤ ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቤት ውጪ አጭር እርምጃ።

እንቅልፍ መጀመሪያ ላይ መበላሸቱ አይቀርም። የመነሻ ሰዓቱን ግን አታስለውጡ። የቀን ሸለብታ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ ይሁን። 20 ደቂቃ ያህል ተኝተው እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነስተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጡና ሲያንቀላፉ ይመለሱ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው መንገድ መብራት ይኑረው። ባዶው የአልጋ ጎን ለሚያስጨንቃቸው በሟቹ በኩል መተኛት አንዳንዴ ይረዳል፤ ሐሳቡን አቅርቡ እንጂ አልጋውን ሳያውቁት አታዙሩ።

ደረጃ 3፦ የጎደለውን ሥራ መቁጠር

ይህ ከሁሉም የሚረሳው ደረጃ ነው፤ ብዙ ለውጥ የሚያመጣውም እሱ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ከአዛውንቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሟቹ ይሠሩት የነበረውን ሁሉ ጻፉ። ትልልቁን ብቻ አትጠይቁ። «በር ማታ ማን ይቆልፍ ነበር? ስልክ ሲደወል ማን ያነሳ ነበር? የመብራት ክፍያ የት ነው የሚከፈለው? ጥፍር ማን ይቆርጥልዎት ነበር? ጀርባዎን ማን ያሽልዎት ነበር? እንግዳ ሲናገር ያልሰሙትን ማን ይደግምልዎት ነበር?» እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ዘርዘር ያለ መልስ ያወጣሉ። ሰውየውንም ያስወራሉ፤ ስለ ሟቹ ለማውራት ከዚህ የቀለለ በር የለም።

ከዚያ በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ከሦስት ምልክት አንዱን አድርጉ፦ ይማሩታል፣ ሌላ ሰው ይረከበዋል፣ ይቀራል። ልጆች ሁሉንም ለራሳቸው ምልክት የማድረግ ፈተና አለባቸው። ፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ባሏን ያጣችውን ሴት ከገዛ ቤቷ ሥልጣንም ማውረድ ነው። የሚማሩትን በሳምንት አንድ ብቻ አድርጉት። ሲማሩ እጃቸው ይሥራ፣ የእናንተ እጅ ጭን ላይ ይሁን። ከማሳየት ይልቅ እሳቸው ሲሠሩት ማየት ዘግየት ይላል፣ ይጸናል።

ገንዘብ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ የታመነ ሰው ሳያነብ ምንም ሰነድ አይፈረም፤ ከሞት ዜና በኋላ የሟች ዕዳ አለ የሚሉ፣ በስልክ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች ይመጣሉ። ቤት መሸጥ፣ ጓዝ ጠቅልሎ ልጅ ቤት መግባት፣ ንብረት ማከፋፈል የመሳሰሉት የማይመለሱ ውሳኔዎች፣ ችግር ወይም ደህንነት ካላስገደደ፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆዩ። ልጅ ቤት ሁለት ሳምንት ሰንብቶ መመለስ ሌላ ነው፣ ጥሩም ነው። ለዘለቄታው መዛወር ግን ባለቤታቸውን ባጡ ማግስት ጎረቤታቸውን፣ መንገዳቸውንና ልማዳቸውንም ማሳጣት ነው።

በዚህ ሥራ መሃል የጆሮና የዓይን ምርመራ አስያዙ። የለመዱትን ድምፅ ብቻ ይሰሙ የነበሩ ሰው አሁን ጨዋታ ስለማይገባቸው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውን ቤተሰብ ሀዘን ይለዋል።

ደረጃ 4፦ መርሳትን ከሀዘን መለየት

ባለቤት የሌላውን የመርሳት ችግር ለዓመታት ሊሸፍን ይችላል፤ ዓረፍተ ነገር ይጨርስለታል፣ ቀን ያስታውሰዋል። ሲሞት የተሸፈነው ይገለጣል፤ ሰዎችም «ሀዘኑ አእምሯቸውን ነካው» ይላሉ። የሀዘን ፍዘትን፣ ዲሜንሺያ የሚባለውን የመርሳት በሽታና ዴሊሪየም የሚባለውን ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር እንዲህ ለዩ።

የሀዘን ፍዘት ያለባቸው ሰው እንደረሱ ያውቃሉ፣ ይበሳጫሉ፣ በሳምንታት ውስጥም እየቀለላቸው ይሄዳል። የዲሜንሺያ ምልክት ወደኋላ ሲጠየቅ ከሞቱ በፊትም ይገኛል፦ በለመዱት መንገድ መጥፋት፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ሒሳብ መምታታት። ዴሊሪየም ደግሞ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ይመጣል፣ ይሄድ ይመለሳል፤ አንዳንዴ በመቁነጥነጥ፣ አንዳንዴ በመፍዘዝና በማንቀላፋት ይታያል። ከኋላው ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም መድኃኒት ስለሚኖር በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

ዲሜንሺያ ያለባቸው ሰው «እሷ የት ሄደች?» ብለው ቢጠይቁ መጀመሪያ እውነቱን በአጭሩ ንገሯቸው። እየረሱ ደጋግመው ሲጠይቁ ግን ሞቷን በየቀኑ እንደ አዲስ ማርዳት ጭካኔ ነው። «ናፈቀችዎት? እንዴት ነበር የተዋወቃችሁት?» ብሎ ናፍቆቱን መቀበል ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ አብሮ መቀመጥ

የሟቹን ስም ጥሩ። እንዳይከፋቸው ብሎ ስሙን የሚሸሽ ቤት ለሀዘንተኛው ሁለተኛ ሞት ይሆንበታል። «ረጅም ዕድሜ ኖረዋል»፣ «ልጆች አሉልዎት»፣ «ጠንከር ይበሉ» የሚሉትን ተዉ፤ ሦስቱም ማልቀስ ይብቃ የሚል ትእዛዝ አለባቸው። «ዛሬ የከበደዎት ሰዓት የትኛው ነበር?» የሚለው ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ምሽት ነው። ስልክ መደወያ ሰዓታችሁን በዚያ አስተካክሉ።

አንድ ቀን አልቅሰው በማግሥቱ እየሳቁ አትክልት ሲያጠጡ ብታዩ አትደነቁ። በ1999 በኔዘርላንድ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት፣ ሀዘንተኛ ወደ ጉድለቱና ወደ አዲሱ ኑሮ እየተመላለሰ እንደሚጽናና አስረድተዋል። መመላለሱ ራሱ ነው ሥራው። ሀዘን በአምስት ደረጃ በተራ ያልፋል የሚለውን የታወቀ አባባል ግን መለኪያ አታድርጉት፤ መነሻው በ1960ዎቹ ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር የተደረገ ንግግር ነበር። ምንም ያላለቀሱ አዛውንትም የግድ «አፍነው ይዘውት» አይደለም። ለዓመታት ያስታመሙ ሰው እፎይታ ሊሰማቸው፣ ከዚያም በእፎይታው ሊያፍሩ ይችላሉ። «ዕረፍት መፈለግዎ መውደድዎን አይሽረውም» የሚል ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሲጨቃጨቁ የኖሩ ባልና ሚስትም ሀዘናቸው ቀላል ነው ብላችሁ አትገምቱ።

የሟቹን ድምፅ ሰማሁ፣ ወንበሩ ላይ አየሁት ቢሉ አትደንግጡ። በ1971 የታተመ የዌልስ ጥናት 293 የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን ሰዎች ጠይቆ ግማሽ የሚጠጉት ሟቹን አይተው፣ ሰምተው ወይም አብሯቸው እንዳለ ተሰምቷቸው እንደሚያውቅ አገኘ። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ እብድ እንዳይባሉ ግን አይናገሩትም። ሐኪም የሚያስፈልገው ድምፁ ራሳቸውን እንዲጎዱ ሲያዝዝ፣ የማያውቋቸው ሰዎችና እንስሳት ሲታዩአቸው ወይም ከግራ መጋባት ጋር ሲመጣ ነው።

ጉብኝትን በተመለከተ፣ ርዝመቱ ሳይሆን ቋሚነቱ ነው የሚጠቅመው። በሳምንት ሁለቴ በታወቀ ቀንና ሰዓት የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ጉብኝት በወር አንዴ ከሚደረግ ሙሉ ቀን ይበልጣል፤ መጠበቅ ራሱ ቀኑን ያቆመዋል። ሰው የሚሳሳው ከሁለተኛው ወር ወዲያ ስለሆነ የተራ መርሐ ግብሩን ያኔ ሳይሆን ሁሉም በተሰበሰበበት በመጀመሪያው ሳምንት ጻፉ። ስትሄዱም ሥራ ስጧቸው፦ የሚጠገን ልብስ፣ የሚቃና ወንበር፣ የሚጠበቅ የልጅ ልጅ።

ልብስና ዕቃ ላይ አትቸኩሉ። ቶሎ የሚወጣው መድኃኒቱና የሕክምና መሣሪያው ብቻ ነው። ቀሪውን ሲፈልጉ በሦስት ክምር ይለዩት፦ የሚቀመጥ፣ የሚሰጥ፣ «ገና አላውቅም»። ሦስተኛው ክምር ትልቅ ቢሆን ምንም አይደለም። ስልክ ላይ ያለ የሟቹን ድምፅና ፎቶ ግን ስልኩ ሳይበላሽ ወይም ቁጥሩ ሳይዘጋ ሌላ ቦታ ገልብጡ። የጋብቻ ቀን፣ የልደት ቀንና ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ከሁለት ሳምንት በፊት «ያን ቀን ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቀኑ ይልቅ ዋዜማው እንደሚከብድም ተዘጋጁ።

ደረጃ 6፦ የማይላላ ሀዘንና የሞት ምኞት

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሀዘንን ለመለየት ቢያንስ 6 ወር ይጠይቃል፤ በ2022 የታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመዘኛ ለአዋቂ 12 ወር ይላል። ጊዜው ብቻውን ግን በሽታ አያደርገውም። የምትፈልጉት ከሞላ ጎደል በየቀኑ የሚያሠቃይ ናፍቆት፣ ሞቱን ማመን አለመቻል፣ «ግማሼ አብሮ ሞቷል» የሚል ስሜት፣ ከሰው መራቅ፣ ቀን ተቀን ኑሮን መምራት ማቃት ነው። የድብርት ሕመም ይለያል፦ ሀዘን እየመጣ እየሄደ ከትዝታ ጋር ይያያዛል፣ ጥሩ ወሬ ሲመጣ ፈገግታ ይተርፋል። ድብርት ሁሉን ነገር እኩል ያጠፋዋል፣ «እኔ የማልረባ ነኝ» ያሰኛል። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ።

ሁለቱም ይታከማሉ፤ «በዚህ ዕድሜ ምን ይለወጣል» የሚለው ስህተት ነው። በ2014 አሜሪካ ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 66 በሆነ 151 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ለተራዘመ ሀዘን ተብሎ የተዘጋጀ የ16 ክፍለ ጊዜ የንግግር ሕክምና ካገኙት 70 በመቶ ያህሉ ሲሻሻሉ፣ የተለመደውን የድብርት የንግግር ሕክምና ካገኙት የተሻሻሉት 32 በመቶ ነበሩ። የድብርት መድኃኒት ለድብርቱ ይጠቅማል፤ ሀዘኑን ግን ብቻውን አይፈታውም።

«ምነው እኔንም በወሰደኝ» የሚል አዛውንት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ናፍቆት ነው። ቢሆንም ሰምታችሁ አትለፉ። በቀጥታ ጠይቁ፦ «አባዬ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ብዙዎች ጠያቂ በማግኘታቸው ይቀላቸዋል። ሚስቶቻቸው በሞቱባቸው አዛውንት ወንዶች ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ንቁ ሁኑ። ክኒን ማጠራቀም፣ ውድ ዕቃን ማደል፣ ስንብት የሚመስል ንግግር፣ ምግብንና መድኃኒትን ሆን ብሎ መተው፣ ከረጅም ጭንቀት በኋላ ድንገት መረጋጋት የአደጋ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ከሆነ ለብቻቸው አትተዉ፣ መድኃኒትና መሣሪያ ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን የጤና ባለሙያ ያግኛቸው። ምስጢር እንድትጠብቁ ቢለምኗችሁ ቃል አትግቡ።

ደረጃ 7፦ ድጋፉን ማላላት

በሁለተኛው ዓመት ድጋፉ መቀነስ አለበት፤ ካልቀነሰ ረዳቱ ይዝላል፣ አዛውንቱም ሕፃን ይሆናሉ። ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ክብደታቸው ለሦስት ወር ጸንቷል ወይ? የክኒን ቆጠራው ይገጥማል ወይ? ማንም ሳይገፋፋቸው በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሰው ይወጣሉ ወይ? ሦስቱም አዎ ከሆኑ አንድ ድጋፍ ብቻ አንሱ፤ ለምሳሌ ከሁለቱ ሳምንታዊ ጉብኝቶች አንዱን ወደ ስልክ ለውጡት። አንድ ወር ጠብቃችሁ ክብደትና ክኒን እንደገና እዩ። ከወረደ ያነሳችሁትን መልሱ፤ ከጸና ቀጣዩን አንሱ።